ነጂ ይጫናል ወይ?

እስኪ እናንተ ፍረዱኝ። ደባርቅ ውስጥ ፍርድ ፍለጋ ያልረገጥሁት ደጃፍ የለም፤ ያተረፍሁት የጉልበት ቁርጥማት ነው። እንግዲህ ወደማላውቃችሁ ሰዎች ዞሬያለሁ። የማላውቀው ሰው ቢያንስ የእነእገሌ ዘመድ መሆኑን አላውቅበትም።

ክሱ ስለ አንድ ብረት ነው። ብረቱ ግራፊክስ ካርድ ይባላል። ምን እንደሆነ የማታውቁ አትፈሩ፤ እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ አላውቀውም ነበር፤ ሳላውቀውም ጤነኛ ነበርሁ። ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ግማሽ ጡብ የሚያህል፣ ጀርባው ላይ ማራገቢያ ያለው ዕቃ ነው። ማራገቢያው ለምን አስፈለገው ብል፣ ሲሠራ ይሞቀዋል አሉኝ። በደባርቅ ብርድ የሚሞቀው ፍጡር መኖሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሥራው መሳል ነው። ኮምፒዩተሩ ያስባል፣ ካርዱ ይስላል። እንደ ሰው ቤት ነው፤ አንዱ ያስባል፣ ሌላው ይለፋል።

የካርዱ ባለቤት የልጅ ልጄ ማስተዋል ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔው ነኝ ያሳደግኋት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሕንፃ ንድፍ ተማረች፤ ተመረቀች፤ ባርኔጣውን አድርጋ ፎቶ ተነሣች፤ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ከዚያ በኋላ የተሰቀለው ፎቶው ብቻ አልነበረም፤ እሷም አብራ ተሰቀለች። እዚህ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ንድፍ አይጠይቅማ። ግንበኛውን ይጠራና፣ "የእነእገሌን ቤት አይተኸዋል? እንደሱ አድርግልኝ፤ ከሱ ግን ትንሽ ከፍ ይበል" ይላል። ይኸው ነው ንድፉ። ከዳባት እስከ ደባርቅ መንገድ ዳር ያሉትን ቤቶች እዩአቸው፤ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ትንሽ ከፍ ያለ ነው።

ሥራ ሲጠፋ ደላላ ይመጣል። ደላላ ሥራ ያጣ ሰው የሚሸትተው ከሩቅ ነው። ፓስፖርቷን ወሰደና፣ "ዐረብ አገር እልክሻለሁ፣ አንቺ ብቻ እሺ በይ" አላት። ሕንፃ መንደፍ የተማረች ልጅ የሰው ሕንፃ ልትጠርግ። እኔ በበኩሌ ደላላውን ከደጄ በዱላ ሸኝቼዋለሁ፤ ፓስፖርቱ ግን ኪሱ ውስጥ ነበር፤ አብሮ ሄደ።

መቼም እግዚአብሔር ጨርሶ አይጥልምና፣ በዚህ መሐል ሥራ የጠየቀችው፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ የሎጅ ንድፍ የሚሠራ ድርጅት በስልኳ መልስ ሰጣት። በገደል አፋፍ ላይ የሚሠራ ሎጅ ንደፊ አሏት፤ ሰው ውስጡ ገብቶ እንደሚዞር ሆኖ፣ በሩ ሲከፈት፣ በመስኮቱ ገደሉ ሲታይ፣ እንደ ፊልም እየሄደ። በወሩ መጨረሻ፣ ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ላኪ፤ ከወደድነው ደባርቅ ተቀምጠሽ ትሠሪልናለሽ አሏት። እሷም፣ "እምዬ፣ ይኼ ካልሆነ ለደላላው እሺ እለዋለሁ፤ እንግዲህ ቁርጤን ልወቅ" አለችኝ።

ወደ ታች የምነግራችሁን ስትሰሙ ይህን አትርሱብኝ። የተጣላነው ስለ ብረት አልነበረም። ልጅቷ ትቅር ወይስ ትሂድ ነው።

ኮምፒዩተሩን የገዛነው መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ካለው ከስንታየሁ ነው። ስንታየሁ ስልክ ይጠግናል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ፍላሽ ላይ መዝሙርና ዘፈን ይጭናል፤ ሁለቱን አንድ ፍላሽ ላይ እንዲያደርግ የሚያዙትም አሉ። መልካም ልጅ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ እናቱ አላስተማረችውም፤ "አላውቅም" ማለትን። "ይኼ ካርድ የማይስለው ነገር የለም እማማ!" አለኝ። "ሲሜንን ከነዝንጀሮው ይስለዋል!" እኔም ያሳደግሁትን ወይፈን ሸጬ ነበርና፣ ከነዝንጀሮው መሆኑ ደስ አለኝ።

መጀመሪያ ነገር የተበላሸው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው።

"አሁን ኮምፒዩተሩን የሚያሠራውን ሲስተም ልጫንልዎት" አለ።

"ስንት ነው?"

"በነፃ ነው እማማ፤ ክራክ ነው።"

"ክራክ ምንድን ነው?"

"ቁልፉ የተሰበረ ማለት ነው።"

"ማን ሰበረው?"

"እኔ አይደለሁም!" ሳቀ። "ውጭ አገር ያለ ሰው ነው።"

"ባለቤቱ ያውቃል?"

"እማማ ይሙቱ፣ ከተማው ሁሉ የሚሠራው በዚህ ነው። የኔም ያው ነው። ባለቤቱ ደግሞ ሀብታም ነው፣ አይጎዳም።"

"ሀብታም ቤት ቁልፍ ሰብሮ ገብቶ ያደረ ሰው ምን ይባላል?"

እኔው መለስሁለት፣ ሌባ ይባላል። የሀብታም በግ የሰረቀም፣ የድኻ በግ የሰረቀም፣ ሁለቱም ሥጋውን ሲበሉ ይጣፍጣቸዋል፤ ስማቸው ግን አንድ ነው። የተሰረቀ ነገር ቤቴ አይገባም። ስንታየሁ ማስተዋልን አያት፤ ማስተዋል መሬት መሬት አየች። በኋላ፣ "እምዬ፣ ሌላም ሲስተም አለ" አለችኝ። ባለቤት የሌለው፣ ብዙ ሰዎች ከየአገሩ ሆነው በትርፍ ጊዜያቸው የሠሩት፣ ማንም ወስዶ ቢሠራበት የማይከለክሉት።

"በደቦ የተሠራ ነው በይኛ!"

"አዎ፣ እንደ ደቦ ነው።"

"ታዲያ እስካሁን ምን አፍሽን ያዘሽ? እሱን ጫኚው!"

ስንታየሁ እንዲያው ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ነበር የልቡን መጠየቅ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

የደቦው ሲስተም ቤት ገባ። ደግ ነገር ነው፤ አልዋሽም። አማርኛም ይናገራል። አማርኛውም በደቦ የተተረጎመ ነውና አንዱ መስመር ሊቅ፣ ቀጣዩ መስመር ፊደል ያልቆጠረ ጨዋ ነው፤ አንዳንዱም ሰልችቶት በእንግሊዝኛ ትቶታል። ሁሉ ሠራ። ካርዱ ብቻ አልሠራም። አይ፣ ሠርቷል፤ ግን እንደ ደመወዝተኛ ነው የሠራ። ማስተዋል የሎጁን አንድ በር ስላ "አሳየኝ" ስትለው፣ ጠዋት ጀምሮ በሩን ለምሳ ከፈተው። እንግዳው በዚህ በር ሊገባ ከሆነ ስንቁን ይዞ ይምጣ አልሁ። እሷ አልሳቀችም።

ስንታየሁን ጠርተን አሳየነው። "ድራይቨር የለውም" አለ።

"ሾፌር?" አልሁት።

ማስተዋል ጣልቃ ገብታ፣ "ነጂ በይው እምዬ፤ ሲስተሙም በአማርኛ ነጂ ነው የሚለው" አለች። ካርድ ለብቻው አይሠራም፤ በሲስተሙና በካርዱ መካከል ሆኖ ትእዛዝ የሚያደርስለት ነጂ ያስፈልገዋል። የደቦው ሰዎች ያበጁት አንድ ነጂ አለ፤ ካርዱን የሠራው ድርጅት ግን የብረቱን አመል ስላልነገራቸው በዳበሳ ነው የሠሩት። ስለዚህ ይሄዳል እንጂ አይሮጥም።

ይህን ስትነግረኝ ፈጽሞ ገባኝ። ለካ ችግሬ የነበረው መግባቱ ነው፤ ባይገባኝ ይሻል ነበር።

እኔ በቅሎ አለችኝ። ቦራ ትባላለች። ሲሜን ተራራ ላይ ወዳሉት ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጨነቅ የሚወጡ እንግዶችን ድንኳንና ስንቅ ትጭናለች። እኛ ዘንድ ሥራው በተራ ነው። በቅሎም ተራ አላት፣ ነጂም ተራ አለው። ተራው የደረሰ ነጂ ቢያዘግምም፣ ቢያነክስም፣ ዘፈኑ ጆሮ ቢያደነቁርም፣ ያለ ጥፋቱ አይነሣም። እንግዳው "ያንን ወጣቱን ስጡኝ" ቢል፣ "ጌታው፣ ተራው የዚህ ነው" ይባላል። ይህ ሕግ ባይኖር ጉልበተኛው ብቻ ይበላል፣ ደካማው ጾሙን ያድራል። ለዚህ ሕግ ስል በስብሰባ ላይ ስንቱን ወንድ አስቀምጬዋለሁ።

እንግዲህ ማስተዋል አንድ ቀን መጥታ፣ "እምዬ፣ አዲስ ነጂ ልጫን ነው" አለችኝ።

"ምን አልሽ?"

"ነጂ ልጫን ነው።"

"ነጂ ይጫናል ወይ?"

"አዎ፣ ይጫናል።"

"ምን ላይ?"

"ኮምፒዩተሩ ላይ።"

"ነጂ በቅሎ ይጭናል እንጂ ነጂ ራሱ ይጫናል? ሰውየው ታሟል?"

ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅሁም። እኔ ግን እስካሁንም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ጭነቱ ነጂው ከሆነ፣ ነጂውን የሚነዳው ማነው? እስኪ ከእናንተ የተማረ ይመልስልኝ።

ነጂ ከመጫናችን በፊት ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቅልኝ አልሁ። ማስተዋል ለካርዱ ድርጅት ጻፈች። "እኛ የምናውቀው የታወቀውን ሲስተም ብቻ ነው፤ በሌላ ላይ ለሚሆነው አንጠየቅም" አሏት። ለደቦዎቹ ጻፈች። "ባለካርዶቹ ምሥጢራቸውን ካልነገሩን ምን እናድርግ?" አሏት። ስንታየሁ ዘንድ እኔው ራሴ ሄድሁ።

"የማይስለው ነገር የለም ብለህ አልነበረም?"

"እማማ፣ እኔ የሸጥሁልዎት ካርድ ነው። ነጂ ሸጥሁልዎት?"

"የማይነዳ ነገር ትሸጣለህ?"

"ክራኩን ልጫንልዎት ስል እምቢ ያሉት እርስዎ!"

በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት አጎቴ ፈረስ ነው አለ። ሁሉም አጎቱን ይጠራል፤ አባቱን የሚጠራ ጠፋ። ሦስት ጠባቂ ያለው ከብት ጅብ በላው ማለት ይኼ ነው።

በመጨረሻ ማስተዋል አንድ ሰው አገኘች። ሩቅ አገር ያለ፣ የካርዱ ድርጅት ሠራተኛ ያልሆነ፣ ሲስተሙንም ያልሠራ ሰው። እንዲሁ የራሱ ካርድ አልሠራ ብሎት ተናድዶ፣ ከሥራ ሲመለስ እየተቀመጠ አዲስ ነጂ ያበጀ። ለፈለገ ሁሉ በነፃ ያድላል። "የሦስተኛ ወገን ነጂ ይባላል" አለችኝ።

እኔ ሦስተኛ ወገን የሚለውን ቃል የማውቀው ከሚኒባስ ነው። መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አለ፤ የሦስተኛ ወገን መድን የሚል። አንድ ጊዜ ጎንደር ስወርድ ሾፌሩን፣ "ሦስተኛው ወገን ማነው?" ብዬው ነበር። "አንደኛው መድን ሰጪው ነው፣ ሁለተኛው ባለመኪናው ነው፣ ሦስተኛው የሚገጨው ሰው ነው" አለኝ። እና ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ራሱን የሚገጨው ወገን ውስጥ የጻፈው? ብዬ አዘንሁለት። ለእኛ ማዘን እንዳለብኝ ያኔ አልታወቀኝም።

ዓርብ ደረሰ። ሎጁ ተነድፎ አልቋል፤ የቀረው ካርዱ ስሎ ፊልም ማድረጉ ብቻ ነው። በአሮጌው ነጂ ከሆነ ለፋሲካ አይደርስም። ማስተዋል ጠዋት ተነሥታ አዲሱን ነጂ ከኢንተርኔት አወረደች። አውርዳ ስትጨርስ የስልኳ ኢንተርኔት አለቀ።

"እምዬ፣ ካርድ ገዝቼ መጣሁ" አለች ነጠላዋን እያጣፋች። ይኼኛው የስልክ ካርድ ነው፤ ሌላ ካርድ ነው፤ ዘመኑ ካርድ በካርድ ሆኗል። "መጫን ጀምሯል። የሆነ ነገር ከጠየቀሽ 'አዎ' የሚለውን ጠቅ አድርጊ።"

"ምን ይጠይቀኛል?"

"ምንም ይጠይቅሽ፣ አዎ በይው።"

ምንም ይጠይቅሽ አዎ በይ! እኔን! አዎ እያልሁ ኖሬ ቢሆን ኖሮ ስንት መሬት፣ ስንት ከብት በሄደብኝ። ለማንኛውም መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥሁ። ብረቱ ያጉረመርማል። ነጭ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይሞላል። ጥቂት ቆይቶ ቆመና ጽሕፈት አወጣ። በአማርኛ ነው። ሊቁ የተረጎመው መስመር መሆን አለበት፤ ጥርት ያለ ነው፦

"ነባሩ ነጂ ይራገፍና በጥቁር መዝገብ ይግባ? አዎ ወይስ አይ?"

ደጋግሜ አነበብሁት። ነባሩ ነጂ። ይራገፍ። በጥቁር መዝገብ።

እስኪ እናንተ እኔን ሁኑ። ነባሩ ነጂ ምን አጠፋ? አመሉን ያልነገሩትን ብረት በዳበሳ ሲነዳ የከረመ ነው። ዘገመ እንጂ አልሰረቀም፣ አልጣለም። ያውም ማራገፉ ሳይበቃ ጥቁር መዝገብ! ጥቁር መዝገብ ምን እንደሆነ የማያውቅ ይጠይቀኝ። አንድ ጊዜ ለስብሰባ ከጠራን ሰው ጋር ክፉ ቃል ስለተለዋወጥሁ የኔዋ ቦራ ሙሉ የእንግዳ ወቅት ተራ ሳይደርሳት አልፏል። "ስሟ የለም" ነበር የሚሉኝ። አንዲት በቅሎ ምን ብላ ተናግራ ነው ስሟ የሚጠፋ? እንግዲህ ሳይጠየቅ፣ ቃሉን ሳይሰጥ፣ ምስክር ሳይሰማ አንዱን ነጂ ጥቁር መዝገብ አስገብቼ ቅዳሴ ልሄድ ነው?

"አይ" የሚለውን ጠቅ አደረግሁ። ጠበቅ አድርጌ።

ብረቱ አልተከራከረም። "ተጭኗል" አለ። እንዲህ ነው፤ ሰው እውነቱን በፊቱ ሲነግሩት ይቀበላል ብዬ ተደሰትሁ።

ማስተዋል መጣች። "ጠየቀሽ?"

"ጠየቀኝ።"

"መለስሽለት?"

"በደንብ አድርጌ መለስሁለት።"

"ጎሽ የኔ እናት!" ግንባሬን ሳመችኝ። ከዚያም ኮምፒዩተሩን አጥፍታ አስነሣችው።

አልተነሣም። ማለቴ ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ በርቷል፤ መስታወቱ ግን እንደ ገደል ጥቁር ነው። ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ጭረት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ማስተዋል እንደገና አጠፋች፣ እንደገና አበራች። ጭረቷ ብልጭ ድርግም። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"እምዬ። ምን ብለሽ ነው የመለስሽለት?"

ነገርኋት። ሕጉንም፣ ተራውንም፣ የቦራንም ነገር ጨምሬ ነገርኋት። ጮኸች ብላችሁ ነው? አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ሁለት ነጂ አንድ ካርድ ላይ አይቀመጥም፤ ይጋጫሉ" አለች በቀስታ፣ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው።

"ታዲያ ተጋጩ ብለሽ እኔን ታዪኛለሽ? ሁለት ነጂ አንዲት በቅሎ ይዘው ወደ ጨነቅ ሲወጡ አይቻለሁ፤ አንዱ ከፊት ይስባል፣ አንዱ ከኋላ ይነዳል!"

"ይኼ በቅሎ አይደለም።"

"በቅሎማ ቢሆን ይሄድ ነበር!"

ጥቁሩ መስታወት ላይ በነጭ ፊደል ትእዛዝ ትጽፍ ጀመር። ጽሑፉ ይወርዳል፣ ይወርዳል። ደረስሁ፣ ደረስሁ ስትል መብራት ሄደ። ደባርቅ መብራት ሲሄድ ማን ፊት እንዳለ አያይም። የሠርግ ቤትም ቢሆን፣ የወላድ ቤትም ቢሆን ይሄዳል። በዚህ በኩል ፍርደ ገምድል አይደለም፤ ሁሉንም እኩል ይበድላል።

ጄኔሬተር ያለው ስንታየሁ ነው። ኮምፒዩተሩን በጋቢ ጠቅልለን ተሸክመን ሄድን። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ የታመመ ሕፃን መስሎት፣ "እግዜር ይማረው" ይላል። "አሜን" እያልሁ አለፍሁ።

ስንታየሁ ከፈተው፣ ጭረቷን አየ፣ ራሱን አከከ። "ይኼን ሲስተም አላውቀውም" አለ። ያን ቃል ከአፉ ላወጣ ስንት ጊዜ የታገልሁት ሰው፣ ዓርብ ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ "አላውቀውም" አለኝ!

"እንግዲያው ሽማግሌ ይቀመጥ" አልሁ።

"በማን ላይ እማማ?"

"በአንተ፣ በካርዱ፣ በሲስተሙ፣ በሁሉም!"

የነጂዎቹን ተራ ሲመራ የኖረው አያ ጌጡ በዚያው ሲያልፍ ጎትቼ አስገባሁት። አያ ጌጡ ለሽምግልና ሲጠሩት ነገሩን ሳይጠይቅ ነው የሚቀመጥ። ካባውን ሰብስቦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ማስተዋል በጥግ ሆና ብረቱ ላይ ትጽፋለች፤ እኔ ክሴን አሰማሁ። አያ ጌጡ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

"ሁለቱ ነጂዎች ቀርበው ቃላቸውን ሰጥተዋል?" አለ።

"አያ ጌጡ፣ ሰዎች አይደሉም እኮ" አለ ስንታየሁ።

"ሰው ካልሆኑ በምን ይጣላሉ? ጸብ የሰው ነው።" እንደገና ዓይኑን ጨፈነ። "እንግዲህ ነባሩ ዛሬ ይንዳ። ተራው ነው። አዲሱ ከሰኞ ጀምሮ ይግባ። ታረቁ።"

"ሰኞ ምን ያደርግልኛል? ሥራው ለዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ነው!"

"እሱን ቀድመሽ አልነገርሽኝም። ፍርዱ ግን ያው ነው።"

ማስተዋል ስልኳ ሲጮህ አየችው። ሦስተኛው ወገን ነው፤ ያ ሩቅ አገር ያለው፤ ለካ ችግሯን ጽፋለት ኖሯል። አንብባ ተረጎመችልን፦ ለሥራሽ መሰናከል አዝናለሁ፤ ሁለቱ ነጂዎች አብረው አይሆኑም፤ ነባሩ መራገፍ ነበረበት፤ በመመሪያው ላይ ይበልጥ ጎላ አድርጌ መጻፍ ነበረብኝ፤ አሁን ሥራ ላይ ነኝ፤ ስመለስ አብረን እናየዋለን፤ ይቅርታ።

ይኸውላችሁ። የሸጠው ይቅርታ አልጠየቀ። የሠራው ይቅርታ አልጠየቀ። አይ ያልሁት እኔም አልጠየቅሁ፤ አሁንም አልጠይቅም። ከሁሉ መሐል ይቅርታ የጠየቀ ምንም ያልተከፈለው፣ ማንንም ያልበደለው ሰው ብቻ ነው። እሱን ደግሞ በምን አፌ ልክሰሰው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ሲጠራ ግን ዓርብ ያልፋል።

"እሺ፣ ነባሩን አራግፊዋ!" አልኋት። "ይሂድ! በቃ!"

"አራገፍሁት እምዬ። አሁን ባስነሣው ይነሣል። ግን ፊልሙን ስሎ ለመጨረስ በዚህ ካርድ ጊዜ አይበቃም።" ድምፅዋ ደረቅ ነው። ተስፋ ሲቆርጥ የሰው ድምፅ እንዲህ እንደሚደርቅ አውቃለሁ። እጇ ላይ ሥራዋን የገለበጠችበት ፍላሽ አለ። አልተናገረችም። እንዲያው ቀና ብላ የስንታየሁን ኮምፒዩተር አየች።

የስንታየሁ ኮምፒዩተር ባንኮኒው ላይ በርቷል። ትልቅ ነው፤ ካርዱም ከኛው ይበልጣል። በታወቀው ሲስተም ነው፤ ቁልፉ በተሰበረው። የሰው ሠርግ ፊልም እየቆራረጠ ነበር፤ ሙሽራዋ እንደ ጉድ ትሮጣለች።

ስንታየሁም የምታየውን አየ። ፈገግ አለ፤ ክፉ ፈገግታ እንኳ አይደለም። ለሰው መልካም ሊያደርግ የተዘጋጀ ሰው ፈገግታ ነው፤ እሱ ነው የከበደኝ።

"በሰዓቱ ያደርስላታል እማማ" አለ። "ምን ይላሉ?"

ደጅ ጄኔሬተሩ ይጮኻል። ማስተዋል ፍላሹን ይዛ እኔን ታያለች። ፓስፖርቷ ያለበትን ኪስ አሰብሁ። ደላላው ደጄ ላይ ሲቆም ያደረገውን ጫማ አሰብሁ። እዚህ ሱቅ ውስጥ፣ ይህንኑ ባንኮኒ እየደበደብሁ ስለ በግና ስለ ሥጋ የተናገርሁትን አሰብሁ፤ ስንታየሁም እያሰበው እንደሆነ ዓይኑ ይናገራል።

ነጠላዬን አነሣሁ። ዱላዬን አነሣሁ።

"አያ ጌጡ፣ ተነሥ፤ እንሂድ" አልሁ።

"ወዴት? ፍርዱ አላለቀም!"

"አልቋል።"

ወጥቼ ደጅ ያለው ድንጋይ ላይ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥሁ። ከኋላዬ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ፍላሽ ሲሰካ የሚጮህ ነገር አለ፤ እሱንም ሰማሁ። የጄኔሬተሩ ጭስ ፊቴ ላይ ይመጣል፤ አልተነሣሁም። አያ ጌጡ አጠገቤ ቆሞ፣ "ምን ሆንሽ? ዓይንሽ ያለቅሳል" አለኝ። ጭሱ ነው አልሁት።

ፊልሙ ሰዓቱ ሳይሞላ ተላከ። ከሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ ወደዱት፤ ማስተዋልን ወሰዷት። ፓስፖርቷን ከደላላው ተቀበለች። አሁን እዚሁ ናት፤ ጠዋት ተነሥታ ከጎኔ ባለው ክፍል የሰው ሎጅ ትነድፋለች። ካርዱንም ያ ሩቅ አገር ያለው ሰው ቃሉን ጠብቆ እየመራት አስተካክላዋለች፤ በአንድ ነጂ፣ በሕጋዊው ሲስተም እንደ ፈረስ ይጋልባል። ጎረቤት መጥቶ፣ "ልጅሽ ቀረችልሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ" ይላል። ደስ ብሎኛል። ማን ደስ አላላትም አለ?

በእኛ አገር ወግ ታናሽ ነው ቀድሞ እጅ የሚነሣ። ስንታየሁ በዕድሜው ከልጅ ልጄ ብዙም አይርቅም፤ ዱሮ መንገድ ላይ ሲያየኝ ከሩቁ ጎንበስ ብሎ፣ "እንደምን ዋሉ እማማ" ይለኝ ነበር፤ እኔም ደስ ሲለኝ እመልሳለሁ፣ ደስ ሳይለኝ አልመልስም። ከዚያ ዓርብ ወዲህ መናኸሪያው አጠገብ ስንገናኝ ቀድሜ እጅ የምነሣው እኔ ነኝ። እሱም ቆሞ ይቀበለኛል።